ስልኮቼን አስቆልፌ ፒያሳ የዋልኩ ዕለት

ገና ሳይነጋ፣ ሰሚት

የተከራየንበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል። ሌላ ቀን በስልኬ መብራት እያየሁ ነበር የምወርደው። ዛሬ ግን ግድግዳውን እየዳበስኩ፣ ደረጃውን በእግሬ እየፈለግኩ ወረድኩ። ሁለቱም ስልኮቼ ላይ ቤት ናቸው፤ ታናሽ እህቴ ሄለን ቁም ሣጥኗ ውስጥ አስገብታ ቆልፋባቸዋለች። ቁልፉም እሷ ጋ ነው። በሩን ከኋላዬ ስትዘጋ «የረሳሁት ነገር አለ ብለሽ እንዳትመለሺ» አለችኝ። ታውቀኛለች።

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። የእጅ ሰዓት ካሰርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰዓቴም ስልኬ ነበር። ሰማዩ ገና አልገረጣም፣ ከሩቅ የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል፣ የግቢው ዘበኛ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወንበሩ ላይ አሸልቧል። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ እንደ ሌሎቹ ማስታወሻዎቼ በየክፍሉ አናት ላይ ሰዓት የለውም። ገና ሳይነጋ ካልኩ ገና ሳይነጋ ነው፣ እመኑኝ።

ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ማርታ እባላለሁ። እዚህ ገጽ ላይ አልፎ አልፎ የጉዞ ወሬ እጽፋለሁ፤ እንጀራዬ ግን የቴሌግራም ቻናሌ ነው። የሴቶች ልብስ እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም፣ ሱቄ ስልኬ ነው። ሱቅ ቢሆን ማታ ይዘጋ ነበር። አዳማ ያለችው ደንበኛዬ ከእራት በኋላ ትጽፋለች፣ ዱባይ ያለችው ሌሊት ከሥራ ስትወጣ ትጽፋለች፣ አንዷ ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ «ይሄ ቀሚስ በሰማያዊ አለ?» ትላለች። እኔም እመልሳለሁ። ታክሲ ውስጥ እመልሳለሁ፣ ምጣድ ላይ ሽንኩርት ጥጄ እመልሳለሁ፣ ለቅሶ ቤት ስልኩን ነጠላዬ ሥር ደብቄ እመልሳለሁ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ነገሩ ሰውነቴ ውስጥ ገባ። ስልክ የሌለበት ኪሴ ይነዝረኛል። እንቅልፍ ይወስደኝና ደንግጬ እነሣለሁ። ከምሳ በኋላ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ለመነቃቃት ማኪያቶ እጠጣለሁ፣ ማኪያቶው ሲለቅቀኝ በጣሳ የሚሸጠውን የኃይል መጠጥ እደግማለሁ፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ሐኪም ቤት ሄጄ ደሜም ታየ፣ ልቤም ተደመጠ። «ምንም የለብሽም፣ ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ» ተባልኩ። በጣም ተናደድኩ። ዕረፍት ከየትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚገዛ አልነገሩኝም።

ትናንት ለሄለን ቁርጡን ነገርኳት። ዛሬን ያለ ስልክ ውዬ ማታ ስመለስ ቻናሉን እዘጋዋለሁ አልኳት። አልተከራከረችኝም። «ከዘጋሽው በምን እንኖራለን?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ የቤት ኪራያችንን የሚከፍለው እሱ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። አንዲት ሴት ለልጇ ምርቃት የላክሁላትን ቀሚስ ለብሳ ፎቶዋን ስትልክልኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል። ግን እንቅልፌንም እፈልገዋለሁ። ይህን ጭንቅ ይዤ ነው ወደ ተወለድኩበት ሰፈር የተነሣሁት።

ጎህ ሲቀድ፣ ታክሲ ውስጥ

መገናኛ ደርሼ «ፒያሳ፣ ፒያሳ በአራት ኪሎ» የሚል ሚኒባስ አገኘሁ። ጋቢና ገባሁ። ለመሙላት የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ያ አንድ ሰው ግን አልመጣም። ሌላ ቀን እንዲህ ያለ ጊዜ ለእኔ የለም። ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ቀና ስል ደርሻለሁ። ዛሬ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ዘጋሁ። የጥፍሬን ቀለም ፋቅሁ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ታሪፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ የማልሄድበትን ሁሉ።

ሾፌሩ ሹራብ ኮፍያ ያደረገ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሲያየኝ ቆይቶ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ቦርሳሽን መክፈት መዝጋት ሆነ እኮ።»

«ስልኬን ቤት ትቼው ነው።»

«ረስተሽው?»

«አውቄ።»

ሾፌሩ ወደ ረዳቱ ዞረ። «ሰማህ? አውቃ ነው የተወችው።» ረዳቱ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ፊቴን አጠናው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከባለቤትሽ ተጣልተሽ ነው?» አለኝ። ከልቡ አዝኖልኝ ስለነበረ ባል የለኝም ማለት አሳፈረኝ። «እንደዚያ በለው» አልኩት።

ሒሳብ ሲሰበሰብ ድፍን ብር አወጣሁ። ረዳቱ ብሩን እያገላበጠ ዝርዝር የለሽም ወይ አለኝ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ በስልኳ ስትልክለት ሰማሁ፤ እኔም እስከ ትናንት እንደሷ ነበርኩ። መልሴን ቀበና አካባቢ ሳንቲም ሳይቀር መለሰልኝና «አይዞሽ፣ ይደውላል» አለኝ። በየት በኩል እንደሚደውልልኝ አላሰበበትም።

ቀበና ድልድይ ላይ ነጋ። የእንጦጦ ጫፍ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ ተለዩ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እግዜር ይቁጠረው፣ ከታክሲ መስኮት እንጦጦ እንደሚታይ ግን ዘንግቼው ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ፣ ጊዮርጊስ

ፒያሳ ወርጄ ወደ ጊዮርጊስ አቀናሁ። መንገዱ ተቀይሯል። የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፣ የመብራት ምሰሶዎቹ አዲስ ናቸው፣ ብስክሌት የሚነዱበት መስመር ተሠርቷል። የልጅነት ሱቆቼ ከነበሩበት ግማሹ ቦታ ሣርና አግዳሚ ወንበር ሆኗል። ስለዚህ ነገር ሰው በሁለት ይከፈላል፤ እኔ እንደ ቀኑ ነኝ፣ አንዳንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዳንዴ ይከፋኛል። ዛሬ ወንበሩ ደስ አለኝ።

የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሜ ከጥድ ሥር ባለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጧፍ ሻጮች ዘርግተው ጨርሰዋል። ቢሮ ገቢዎች ሻንጣቸውን እንዳነገቱ ቆም ብለው፣ ሦስት ጊዜ አማትበው ወደ ሥራቸው ይሮጣሉ። እርግቦቹ ጣሪያው ላይ ናቸው። ይሄኔ ኪሴ ነዘረኝ። እጄን ሰደድኩ፤ ኪሴ ውስጥ መሐረብ ብቻ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነዘረኝ። እንደገና ሰደድኩ። መሐረቡ ያው ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። አሁን ማን ጽፎ ይሆን፣ ማን ተናዶ ይሆን፣ ማን ወደ ሌላ ቻናል ሄዶ ይሆን አልኩ። ተነሥቼ ወደ ታክሲው ልመለስ ቃጣኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግማሽ ድረስ ተነሥቼ ነበር። ሄለን በሩን እንደማትከፍትልኝ ሳስብ መልሼ ተቀመጥኩ። ነዘረኝ፣ ተውኩት። ደግሞ ነዘረኝ፣ ተውኩት። የጥዱ ጥላ ከእግሬ ላይ ተነሥቶ ፀሐይ ጫማዬን ስታገኘው ንዝረቱ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም ነበር። ደረቴ ውስጥ ተወጥሮ የኖረ ነገር ላላ። አላለቀስኩም፣ ግን ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ራበኝ። እንዲህ ያለ ረሃብ ከራበኝ ቆይቷል፣ ጠዋት ጠዋት ምግብ አያሰኘኝም ነበር። ከአደባባዩ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ቤት ፉል አዘዝኩ። በሸክላ ሳህን መጣ፤ ዘይቱ ጠርዙ ላይ ይንጣጣል፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ከላይ ተከትፏል፣ ዳቦው ትኩስ ነው። አስተናጋጁ አስቀምጦልኝ አልሄደም።

«ምነው?» አልኩት።

«ፎቶ እስክታነሺው ነው፣ እጄ እንዳይገባብሽ ብዬ።»

«አላነሣም፣ እበላዋለሁ።»

«ጎሽ» ብሎ ሄደ። በሁለት እጄ በላሁ። ሌላ ጊዜ ግራ እጄ ምግብ ቤት ውስጥ ሥራው ስልክ መያዝ ነው። ቀጥሎ ጥግ ላይ ካለው ኬክ ቤት ባንኮኒው ጋ ቆሜ አንድ ማኪያቶ ጠጣሁ። ዋጋው ከባለፈው ጨምሯል፣ ስኒው ግን ያው ነው። ሁለተኛ አላማረኝም።

ረፋድ፣ እሪ በከንቱን ፍለጋ

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። የተወለድኩበት ሰፈር ጠፋብኝ።

እሪ በከንቱ ነው ያደግሁት። እናትና አባቴ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው እስክንወጣ ድረስ እያንዳንዱን ቀዳዳ መንገድ በጨለማ አውቀው ነበር። አሁን ግን ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ግራ ታጥፌ፣ ቀኝ ታጥፌ፣ አንድ ሰፊ ባዶ ቦታና አንድ አዲስ አጥር ፊት ለፊት ቆምኩ። እጄ ራሱ ካርታ ለማየት ወደ ኪሴ ሄደ። መሐረቡን ይዞ ተመለሰ።

አንድ ሎተሪ አዟሪ ከአጥሩ ሥር ጥላ ይዞ ቆሟል፤ ፂሙን የተላጨ፣ ጃኬቱን የተኮሰ፣ ዕድሜው አርባዎቹ ውስጥ የሚገመት ሰው ነው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እሪ በከንቱ በየት በኩል ነው?»

ቲኬቶቹን ከፊቱ ዝቅ አድርጎ እግሬን አየ። «ቆመሽበት እኮ ነው።»

«እዚህ?»

«ትንሽ ወደ ግራ ብትይ መሀሉ ላይ ትቆሚያለሽ።»

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እሱም ሳቀ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አባቴን አላወቀውም፤ ግቢያችን በር ላይ የነበረውን ዋንዛ ግን ያውቀዋል። በጣቱ አሳየኝ። ዛፉ ከአዲሱ አጥር ወዲያ ብቻውን ቆሟል። እሱን ይዤ ቤታችንን ለካሁት፤ የእኛ በር እዚያ፣ የጋራው ቧንቧ እዚህ፣ ወደ ድልድዩ የሚያወርደው ድንጋይ ደረጃ ከዚያ ቀጥሎ። ደረጃው አልፈረሰም። ከዚያ በኋላ እግሬ መንገዱን ራሱ አወቀው።

ሎተሪ ግዢኝ አላለኝም። እኔ ግን ገዛሁ፣ ስለ ዋንዛው።

የዙህር አዛን ሲል፣ ራስ መኮንን ድልድይ

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የወረድኩት ጋሽ ሰዒድን ለማየት ነው። ጋሽ ሰዒድ ልብስ ሰፊ ናቸው። በልጅነታቸው ከደሴ መጥተው እዚህ ድልድይ አጠገብ ቀሩ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ በየዓመቱ «ታድጋለች» ብለው ጫፉ ላይ ጨርቅ ትተው ስለሚያጥፉት፣ ቀሚሴ ሁልጊዜ ከጓደኞቼ ቀሚስ ይረዝም ነበር።

ሱቃቸው አንድ በር ብቻ ናት። አስፋልቱ ላይ ታክሲዎች ይጠራሉ፣ እግረኛው መንገድ ላይ ካልሲና ቻርጀር የዘረጉ ነጋዴዎች አሉ፣ ሕዝቡ እየተጋፋ ያልፋል። ጋሽ ሰዒድ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው የሱሪ እግር ያሳጥራሉ። ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ማርቲ! ወላሂ አንቺ ነሽ? ከስተሻል።»

«እርስዎ አልተለወጡም።»

«ውሸታም። ነይ ግቢ።»

ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ሄለን ጠየቁኝ፣ ለምን አላገባሽም ሊሉኝ ሲጀምሩ አዛን ደረሰልኝ። መኪናውን በመሐሉ አቆሙት። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ነው፤ ስፌቱን እንኳ አልጨረሱም። እኔን በርጩማ ሰጥተው ደጅ አስቀመጡኝ። ከዚያ የሚለኩበትን ረጅም የእንጨት ሜትር አንሥተው፣ በበሩ ግራና ቀኝ በተመቱት ሁለት ምስማሮች ላይ አግድም አስተኙት። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ከእንጨቱ ወዲያ የደንበኛ ጨርቅ፣ መሳቢያ፣ የራሳቸው ስልክ ሳይቀር መኪናው ላይ ይታያል።

«ሱቁን ልጠብቅልዎ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምኑ ይጠበቃል፣ እንጨቱ አለ አይደል?» ብለው ወደ መስጊዱ ሄዱ።

ይህን እንጨት በልጅነቴ በየቀኑ አየው ነበር። ፒያሳም መርካቶም ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለሱቁ ሶላት ላይ ነው፣ ይመለሳል ማለት ነው። ስለማውቀውም አስቤበት አላውቅም።

ብዙ ሳይቆይ ስልካቸው ጮኸ። ከበርጩማዬ ብድግ አልኩ። ቆመ። ደግሞ ጮኸ። የሌላ ሰው ስልክ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም፣ ግን እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን በላስቲክ አንጠልጥለው መጡ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። እንጨቱን ሲያዩ ቆሙ።

እኔ አላስቻለኝም። ደንበኛ ቆሞ እያየሁ መቀመጥ በሥራዬ ምክንያት ጠፍቶብኛል። «አባባ፣ ይግቡ፣ እኔ ላስተናግድዎት» ብዬ ሜትሩን ከምስማሩ ላይ አነሣሁት።

ሽማግሌው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። የሰው መኝታ ቤት የከፈትኩ ያህል ነው ያዩኝ።

«ሰዒድ ሶላት ላይ አይደለም እንዴ?»

«ናቸው፣ ግን እርስዎ ለምን ይቆማሉ ብዬ ነው።»

«እኔ ቸኮልኩ አልኩሽ?»

«አላሉም።»

«በይ መልሺው።»

መለስኩት። አንዱን ምስማር ስቼ ደገምኩት። ሽማግሌው ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ።

«ከዘገዩስ?» አልኳቸው፤ አፌ አላርፍ ብሎኝ ነው።

«ይመጣላ» አሉኝ።

በቃ ይኸው ነው። አልመከሩኝም፣ አላስተማሩኝም፣ እንዲያውም ትንሽ ቆይተው ማንቀላፋት ጀመሩ። ስልኩ ሦስተኛ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ማንም አልሞተም። እኔ ግን በርጩማው ላይ ሆኜ ፊቴ ጋለ። የእኔ ደንበኞች ሌት ተቀን የሚያንኳኩት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። በሬ ክፍት ስለሆነ፣ እኔም ውስጥ ቆሜ ስለምታያቸው ነው። እንጨት አጋድሜባቸው አላውቅም። ያልታየ እንጨት ማን ያከብራል? እስከ ዛሬ የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ ወይ ሌት ተቀን መክፈት፣ ወይ ጨርሶ መዝጋት።

ጋሽ ሰዒድ ተመልሰው ሽማግሌውን ትከሻቸውን ነካ አድርገው ቀሰቀሷቸው። ኮቱ ተለካ፣ በጠመኔ ተሰመረበት፣ ሽማግሌው መርቀው ሄዱ። ያደረግሁትን ስነግራቸው ጋሽ ሰዒድ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

«እንጨቴን አነሣሽው?»

«አነሣሁት።»

«አርባ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ሌባ እንኳ አላነሣውም።»

ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ቻናሉን፣ እንቅልፉን፣ ማታ ልዘጋው መሆኑን። ምክር ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ስልካቸውን ከመኪናው ላይ አንሥተው ዘረጉልኝ። ፊታቸው ተለውጧል፣ አፍረዋል።

«ማርቲ፣ አንቺ የዚህ ነገር ሰው ነሽ። ይሄ ቲክቶክ እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም ጋሼ።»

«ጨርቅ እንኳ ያልቃል።»

«ይሄ አያልቅም።»

የልጃቸው ሚስት አውርዳላቸው ነው። ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ «አንድ ልይ» ብለው ይጀምሩና ባለቤታቸው መብራት አጥፍታ እስክትተኛ ያያሉ። «ለሱቁ እንጨት አለኝ» አሉ፣ «ለዚህ ግን አጣሁለት።» ከዚያ ሁለታችንም እኩል ሳቅን። ሳላስበው ሸክሜ ቀለለኝ፤ ለካ እሳቸውም እንደ እኔው ናቸው።

ሜትሩን አንሥቼ ስልካቸው ላይ አግድም አስቀመጥኩት። «ይኸው» አልኳቸው። ጋሽ ሰዒድ ሜትሩን አዩት፣ ስልኩን አዩት። «ቤት ሌላ ሜትር አለኝ» አሉ። ቀልዳቸውን አልነበረም።

ምሳ ከጎን ካለው ቤት ሽሮ አስመጣን፤ ሽሮ እሳቸውንም እኔንም አያጣላም። ስንጨርስ አንድ ነገር ለመንኳቸው። እንጨቱን በሩ ላይ መልሰው በስልካቸው ፎቶ እንዲያነሡትና ወደ እኔ እንዲልኩት። ሁለት ጊዜ አነሡት። በመጀመሪያው አውራ ጣታቸው ብቻ ነው የወጣው። በሁለተኛው ግማሹ አውራ ጣት፣ ግማሹ እንጨት ሆነ። «አብሽሪ፣ ይታያል» ብለው ላኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አራት ኪሎ በእግር

ታክሲ አልያዝኩም። ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ወጣሁት። ፀሐዩ ገረር ብሏል፣ የመጻሕፍት ሻጮቹ ጥላ ዘርግተዋል፣ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ይወርዳሉ። ከዳገቱ አናት ስደርስ ቆም ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ ያኔ ነው አንድ ነገር እንደጎደለ ያወቅሁት። በዚህ ሰዓት ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። በዚህ ሰዓት ዓይኔ ሥር ይከብደኝ፣ ጣሳ ፍለጋ ወደ ሱቅ እሄድ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከጠጣኋት ማኪያቶ ሌላ አልጠጣሁም፣ እግሬም ዳገት ወጥቶ ገና ሌላ ይፈልጋል። ጉልበቴ የሚያልቀው በሥራው መስሎኝ ነበር። ለካ የሚጨርሰኝ ሁልጊዜ ለመጠራት ተዘጋጅቶ መቆም ኖሯል።

ይህን ሳውቅ ደስ ማለት ብቻ አይደለም፤ ተገላገልኩ። አልታመምኩም። ሐኪሙም ያሉኝ ልክ ነበር፣ ይቅር ብያቸዋለሁ።

ሲመሽ፣ ሰሚት

ሄለን በሩን ከፍታ ፊቴን አየችው። ቁም ሣጥኑን ከፈተችልኝ።

ስልኮቹን አበራሁ። መልእክቱ ተንጋጋ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለ ሰማያዊው ቀሚስ የጠየቀችው ከሰዓት ላይ «ተይው፣ አረንጓዴው ይሻለኛል» ብላ ራሷ ወስናለች። ሁለት ደንበኞች በቻናሉ የአስተያየት ቦታ ስለ ልብስ ቁጥር እርስ በርስ ተጠያይቀው ጨርሰዋል። አንዷ «በሕይወት አለሽ?» ብላለች። አንዷ ተናዳ ከሌላ ገዛሁ ብላኛለች፤ ያቺ አመለጠችኝ፣ አዝናለሁ። የቀሩት እየጠበቁ ነበር። ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ይህን ነው።

ከመልእክቶቹ መሀል የጋሽ ሰዒድ ፎቶ አለ። የተከፈተ በር፣ አግድም የተኛ ሜትር፣ በጥጉ አንድ ትልቅ አውራ ጣት።

«እና?» አለች ሄለን። «ልትዘጊው ነው?»

«አልዘጋውም።»

ፎቶውን ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ ይህን ጻፍኩ፦ «ውድ ደንበኞቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእራት ሰዓት እስከ ጠዋት፣ እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን እንጨቱ በር ላይ ነው። ጽፋችሁ ተዉልኝ፤ ስመለስ በተራ እመልሳለሁ።» ላክሁትና ስልኩን ለሄለን ሰጥቼ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ፈርቻለሁ። ሰው ይሄዳል ብዬ ነው፣ ያ ኪራይ የሚከፍለው ሰው።

ሄለን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን አየችው። «አንዷ ጻፈች» አለች።

«ምን አለች?»

«‹ማርቲ፣ ሰለምሽ እንዴ?›»

ትራሱ ውስጥ ሳቅሁ።

«ዱባይ ያለችውም ጻፈች። ‹የእኛ ሰፈር ሱቅ አስመሰልሽው። አላህ ይቀበልሽ። የእኔ ይቆያል፣ ነገ እንነጋገራለን።›»

«ይቆያል አለች?»

«ይቆያል ነው የምትለው።»

ከዚያ በኋላም ሌሎች መልሶች እንዳነበበችልኝ ሄለን ጠዋት ነገረችኝ። አንዱንም አልሰማሁም። ተኝቼ ነበር።